ቡችላውን በእጁ የሚያበላው ማን ነው? ለኮምቦልቻዋ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የኮምቦልቻ ነዋሪ ነኝ። የጀርመን ሼፐርድ ዝርያ ያላት ውሻዬ ከአራት ሳምንት በፊት ሰባት ቡችሎች ወልዳለች፤ አራቱ ወንድ፣ ሦስቱ ሴት ናቸው። ዓይናቸውን ሳይገልጡ ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። አንድ ነጋዴ ለመጋዘን ጥበቃ ሁለት ወንድማማቾች አንድ ላይ ይፈልጋል፤ በዋጋም አይከራከርም። ደሴ የሚኖሩ ቤት የተከራዩ ባልና ሚስት አንዲት ሴት ጠይቀውኛል። የባለቤቴ አጎት ደግሞ ‹በአምስት ሳምንቱ ስጪኝ፤ ትንሽ ሆኖ ሲመጣ ነው ሰው የሚለምደው› ይላሉ። ባለፈው ጊዜ ከሸጥኳቸው አንዱን ከዓመት በኋላ አይቼዋለሁ፤ አጥንቱ ወጥቶ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ነበር። እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ዘንድሮ ገዢዎቹን መመርመር እፈልጋለሁ። ጎረቤቶቼ ግን ‹ገንዘቡን ከተቀበልሽ ወዲያ ምን አገባሽ› ይሉኛል። ምን ልጠይቅ? ሰው ሳላስቀይምስ እንዴት ልጠይቅ?»

እህቴ፣ ያገባዎታል። ጎረቤቶችዎ በክፋት እንዳልተናገሩ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ተሳስተዋል። በከብት ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው ሻጩን «ዋስ ጥራ» ይላል። ከየት እንዳመጣው፣ ቀንበር የለመደ መሆኑን፣ ይዋጋ እንደሆነ ይጠይቃል፤ አፉን ፈልቅቆ ጥርሱን ያያል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ነውረኛ የሚለው የለም። ቡችላ ሲሸጥ ጠያቂው ሻጩ ይሆናል፤ ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው። ለእናቲቱ ወንድ ያመጡላት እርስዎ ነዎት። ሰባቱም በእርስዎ ግቢ፣ በእርስዎ ፈቃድ ተወልደዋል፤ ስለዚህ የት እንደሚያድሩ መጠየቅ የእርስዎ ድርሻ ነው።

ደሴ ላይ በእንስሳት ሕክምና ስሠራ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ባለቤት ተሳስቶ የተመረጠላቸው ውሾች መጨረሻቸው የእኔ ጠረጴዛ ነውና ስለ ምርጫው የማውቀውን ከዚያው ልንገርዎት።

ከዓመታት በፊት በአንድ የሐምሌ ጠዋት፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰው ከሰው በማይተያይበት ሰዓት፣ አንድ ጎረምሳ ውሻ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ፣ ተሸክሞ መጣ። ሽታው ቀድሞት ገባ። ከረጢቱን ስገልጠው የዓመት ተኩል ገደማ ሼፐርድ ነው። አንገቱ ያበጠ ብቻ መስሎኝ በፀጉሩ መሐል ጣቴን ስሰድ ብረት ነካሁ። በቡችላነቱ ያሰሩት ቀጭን ሰንሰለት ነበር። ውሻው ሲያድግ ያላላለት ሰው ስለሌለ ቆዳውን እየበላ ገብቶ ሥጋ ከላዩ ለብሶበታል። አደንዝዤ፣ በሽቦ መቁረጫ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ እየቆረጥኩ አወጣሁት። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ።

ጎረምሳው ባለቤቱ አልነበረም፤ የግቢው ዘበኛ ልጅ ነው። ለባለቤቱ ደወልኩ። ክፉ ሰው አይደለም፤ በእውነት ደነገጠ፣ የሕክምናውንም ወጪ ሳይከራከር ከፈለ። «ይህን ውሻ በየቀኑ የሚያበላው ማን ነው?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ሰዎቹ» አለኝ። የትኞቹ ሰዎች እንደሆኑ ደግሜ ብጠይቀው እርሱም አያውቅም። ዘበኛው የቤት ሠራተኛዋ የምታበላው ይመስለዋል፤ ሠራተኛዋ ዘበኛውን ታስባለች፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። ሁሉም አልፎ አልፎ ቁራሽ ይወረውርለታል። አጠገቡ ቁጭ ብሎ አንገቱን የሚዳስስ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ያን ውሻ የሸጠችውን ሴት አውቃታለሁ፤ ጠንቃቃ ናት። ገዢውን ግቢው ሰፊ መሆኑን፣ አጥሩ የግንብ መሆኑን፣ ገቢው ለመኖ የሚበቃ መሆኑን፣ ውሻ ይወድ እንደሆነ ጠይቃዋለች። ለሁሉም ጥሩ መልስ ሰጥቷል፤ የሰጠውም መልስ እውነት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምክር ለሚጠይቀኝ አርቢ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ የገዢው ግቢ፣ ገንዘብና ፍቅር በኋላ የሚደረስባቸው ናቸው። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት በእጁ የሚያበላው ሰው ነው። ስሙን ይጠይቁ። «እኛ ቤት ይበላል» የሚል መልስ አይበቃዎትም፤ «ጠዋት እኔ፣ ማታ ልጄ» የሚል መልስ ይበቃዎታል። ከዚያ ያ ሰው ዘመድ ጥየቃ ወይም ለቅሶ ሲሄድ ማን እንደሚተካው ይጠይቁ። በሦስተኛ ደረጃ፣ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው፣ ያንን ሰው ይዞት እንዲመጣ ማድረግ ነው።

በእኛ አገር ቡችላ የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ አባወራው ነው፤ የሚያበላው፣ የሚያጥበው፣ ፋንድያውን የሚጠርገው ግን ሌላ ሰው ነው። ሚስት ትሆናለች፣ የቤት ሠራተኛ ትሆናለች፣ ዘበኛ ይሆናል። ያ ሰው ያልተስማማበት ውሻ ዕድሜው አጭር ነው። ሠራተኛዋ ውሻ የምትፈራ ከሆነች ሳህኑን ከሩቅ ገፍታለት ትሄዳለች፤ ውሻውም የሰው እጅ ሳይለምድ ያድጋል። ስለዚህ ሠራተኛዋ ስትመጣ ዓይኗን ይዩት። ቡችላው እግሯ ሥር ሲደርስ ቀሚሷን ሰብስባ የምትሸሽ ከሆነ ጥፋቱ የእርሷ አይደለም፤ ያ ቤት ግን ለዚህ ቡችላ ገና አልተዘጋጀም።

እዚህ ወሎ ውስጥ አንድ ሌላ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ከገዢዎችዎ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ለቤትና ለከብት ጥበቃ ውሻ መያዝም የተፈቀደ ነው። የውሻው ለሃጭ ግን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነገር ስለሆነ፣ ውሻ አፉን ያገባበት ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ይታጠባል። አባት ገዝቶ ሲመጣ እናት ወይም አያት «የምሰግድበት ቦታ ድረስ ይመጣብኛል» ብለው ከተቸገሩ፣ ቡችላው በወሩ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ይጠይቁ፤ በአክብሮት ይጠይቁ፤ የቤቱ እናት ምን አሉ ብለው ይጠይቁ። ሥርዓቱን አውቀው ቦታውን የለዩለት፣ ሳህኑን የለዩለት፣ ጓሮ ለብቻው ቤት የሠሩለት ሙስሊም ቤተሰቦች ውሻ አያያዛቸው እጅግ የተስተካከለ ነው። ለሁለት ወር መጫወቻ አድርገው አልጋ ላይ አስተኝተውት፣ ሲያድግና ፀጉሩ ሲረግፍ ወደ ውጭ ከሚያባርሩት ቤቶች እነርሱን ሁልጊዜ እመርጣለሁ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ የሚበላበት ቦታ አስቀድሞ ከታወቀ የሚጮኽለትም ቤት ይታወቃል።

ሰው ሳያስቀይሙ እንዴት እንደሚጠይቁ ላሉት፣ ከቡና የተሻለ መንገድ አላውቅም። ገዢው ሲመጣ በር ላይ ቆመው ጥያቄ አይደርድሩበት። ያስቀምጡት፣ ቡና ያፍሉ። አቦሉ ላይ ስለ ቤቱና ስለ ልጆቹ ያውሩ፤ ቶናው ላይ ከዚህ በፊት ስለነበረው ውሻ ይጠይቁት፤ በረካው ላይ ሲደርሱ ማወቅ የሚፈልጉትን ግማሹን ሳይጠይቁ ያውቁታል። ቸኩሎ «ቡናው ይቅርብኝ፣ ገንዘቡን ልስጥሽና ልሂድ» የሚል ገዢ እንኳ አንድ ነገር ነግሮዎታል። የቀድሞ ውሻው ምን እንደሆነ ሲጠይቁት በደንብ ያዳምጡ። «አርጅቶ ሞተ» አንድ መልስ ነው። «መኪና ገጨው፣ ሌላው ጠፋ፣ ሌላውን ሰው መረዘው» ብሎ በሦስት ዓመት አራት ውሻ የሚቆጥር ሰው ግቢው በር የለውም ማለት ነው።

ቡናው ሲፈላ ቡችሎቹን ይልቀቋቸውና እጁን ይመልከቱ። ከላይ ጎንበስ ብሎ በማጅራት የሚያነሳ አለ። ቁጢጥ ብሎ እጁን መሬት ላይ ዘርግቶ እስኪመጡለት የሚጠብቅ አለ። አንድ ጊዜ የሰባት ዓመት ያህል ልጅ ከአባቱ ጋር መጥቶ፣ አባቱ ትልቁን ወንድ ለመያዝ ሲያባርር ልጁ ጥግ ላይ ተቀምጦ አንዲት ቡችላ ጫማው ላይ እስክትተኛ እንደ ድንጋይ ጸጥ ብሎ ሲጠብቃት አይቻለሁ። ሻጩ ቡችላዋን ለዚያ ልጅ ሰጠ። ስድስት ዓመት ሙሉ በየዓመቱ ለክትባት ያመጣት የነበረው ያው ልጅ ነው።

ደግሞ የሚጠይቅ ገዢ አይሰልቹ። እናቲቱን አሳዪኝ የሚል፣ ምን ትበላለች የሚል፣ አባቱ የማን ነው የሚል፣ ወላጆቹ ያነክሳሉ ወይ የሚል ሰው ያደክማል፤ ግን የሚፈልጉት እርሱን ነው። ሊያስፈራዎት የሚገባው ምንም ሳይጠይቅ ዋጋ ብቻ የሚጠይቀው ነው። ሦስት አራት ቡችላ በአንድ ጊዜ የሚፈልግ፣ አድራሻውን የሚሸፋፍን፣ እናቲቱን ለማየት የማይጓጓ ሰው ብዙውን ጊዜ በካርቶን አድርጎ ሌላ ከተማ ወስዶ የሚሸጥ ነው። ለእርሱ ከሸጡ የመጨረሻውን ገዢ መምረጥ አይችሉም።

አርቢዎች ከሚረሷቸው ጥያቄዎች ሁሉ ብዙ ቡችላ የሚያስገድለው ይህ ነው፦ «በግቢያችሁ ባለፈው አንድ ዓመት ቡችላ ሞቶባችኋል?» ከሞተ በምን ሞተ? ማስመለስና ደም የቀላቀለ፣ የሚከረፋ ተቅማጥ ነበረው? መልሱ አዎ ከሆነ ፓርቮ የሚባለው የቡችሎች ገዳይ የተቅማጥ በሽታ ሊሆን ይችላል። የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ለወራት፣ ሲመቸው እስከ ዓመት ይቆያል፤ በሳሙና ብቻ አይሞትም። በረኪና አንድ እጅ በሠላሳ እጅ ውሃ ተበጥብጦ ሲሚንቶና ሳህን ላይ ይገድለዋል፤ ጓሮ አፈር ላይ ግን ይህ አይሠራም። ቡችላው ሞቶበት አዝኖ በሦስተኛው ሳምንት ምትክ ፍለጋ የሚመጣ ሰው አለ። ልቡ መልካም ነው፤ ልጆቹ እያለቀሱበት ነው የመጣው። ለእርሱ አሁን መስጠት ግን ሁለተኛውን ቡችላ ወደዚያው መቃብር መላክ ነው። ክትባቱን የጨረሰ ውሻ እስኪገኝ ይጠብቅ፤ ይህን ሲነግሩት ምክንያቱንም ይንገሩት፤ ይረዳዎታል። እርስዎ ግቢም ቢሆን አሁን ቡችሎቹ አራት ሳምንታቸው ነውና ከሌላ ውሻ ግቢ የሚመጣ ጎብኚ በሽታውን በጫማው ሊያመጣ ይችላል። ጫማ በር ላይ ይውለቅ፣ እጅ ይታጠብ። ቡናውም ከቡችሎቹ ማደሪያ ራቅ ብሎ ይፈላ።

ምን ሊያበላው እንዳሰበም ይጠይቁ። «ከበግ እርድ የሚተርፈውን ሳንባና ጉበት» የሚል መልስ በአረፋም በፋሲካም ሰሞን እሰማለሁ። ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ብዙዎቻችን አይተናል። ያንን ጥሬውን የበላ ውሻ አንጀቱ ውስጥ ጥቃቅን የኮሶ ትል ዓይነት ያፈራል፤ የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ወደ ልጆች እጅና ወደ ምግብ ሲደርስ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ የውሃ ቋጠሮ ይፈጥራል። ለብዙ ዓመታት ሳይታወቅ አድጎ በቀዶ ሕክምና የሚወጣ ነው። እንግዲህ ቋጠሮ ያለበት ክፍል ይቀበር፤ ለውሻ የሚሰጠውም ግማሽ ሰዓት ይቀቀል፤ ውሻውም ፕራዚኳንቴል የሚባለውን መድኃኒት በየጊዜው ይውሰድ። ሽንኩርት የበዛበት ወጥም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል። ገዢው ይህን ባያውቅ አይፍረዱበት። ሲነግሩት «እሺ፣ እንዲያ አላውቅም ነበር» ካለ ጥሩ ገዢ ነው። «የኛ አያቶች እንዲህ ነው ያሳደጉት» ብሎ ከሳቀ ነገ ሐኪም የሚለውንም አይሰማም።

አሁን ወደ ሦስቱ ጠያቂዎችዎ ልምጣ።

ነጋዴው በዋጋ አለመከራከሩ ስለ ምንም ነገር ማስረጃ አይሆንዎትም። ሁለት ወንድማማቾች አብሮ መስጠትን እኔ አልመክርም። እርስ በርሳቸው ተሳስረው ሰውን ችላ ይላሉ፤ ጎልምሰው ደግሞ በሳህንና በቦታ ይጣላሉ። ሁለት ወንድ ሼፐርድ፣ እያንዳንዳቸው ከ30 እስከ 40 ኪሎ፣ ተያይዘው ሲናከሱ ማንም ዘበኛ አይገላግላቸውም። አንድ ብቻ ይስጡት፤ እርሱንም መጋዘኑን አይተው። ይህ ዝርያ በ1899 እ.ኤ.አ. ማክስ ፎን ሽቴፋኒትዝ የተባለ የቀድሞ የፈረሰኛ መኮንን ከጀርመን የበግ ጠባቂ ውሾች መርጦ ያወጣው ነው። ቀኑን ሙሉ ከእረኛ ጋር የሚውል፣ የሰው ዓይን እያየ የሚሠራ ውሻ ነበር። ብቻውን መጋዘን በር ላይ ታስሮ የሚውል ሼፐርድ ወይ ይደነብራል፣ ወይ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል። ማታ ማን አብሮት ያድራል? እስከ መቼ ይታሰራል፣ መቼ ይፈታል? ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ዳር ሲመሽ ጅብ ይወርዳል፤ ከአጥር ውጭ በሰንሰለት የታሰረ ውሻ መሸሽም መታገልም አይችልም። ጠዋት ሰንሰለቱን ብቻ ያገኙ ሰዎች ወደ እኔ መጥተው ያውቃሉ።

«ኃይለኛ እንዲሆን ጨለማ ቤት አስገባዋለሁ፣ በርበሬ አበላዋለሁ፣ ጆሮውን አስቆርጠዋለሁ» ካለ ቡናውን ያጠጡና ይሸኙት። በጨለማ ያደገ ውሻ ኃይለኛ አይደለም፤ ፈሪ ነው። ፈሪ ውሻ ደግሞ የሚነክሰው ሌባ አይደለም፤ ኳሱን ሊያነሳ የገባውን የጎረቤት ልጅ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 ላይ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ሳያስበው ከቁጥጥሩ ቢያመልጥ እንኳ፣ ኃላፊ እንደሚሆን ይናገራል። ነጋዴ ሰው ይህን ሲሰማ በጥሞና ያስባል፤ ይንገሩት።

ተከራዮቹን ባልና ሚስት፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ወድጃቸዋለሁ። ሴት ቡችላ ራሳቸው ጠይቀው የሚመጡ ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ አስበውበታል ማለት ነው። የእነርሱ ጉዳይ አከራያቸው ነው። «አከራያችን ምንም አይሉም» የሚል ተስፋ አይበቃም፤ ከአከራዩ አፍ ይስሙት። ቤት ሲለቁ ውሻዋ አብራቸው መሄድ የምትችል መሆኗንም ያነጋግሯቸው፤ በኪራይ ቤት ምክንያት መንገድ ላይ የሚጣሉ ውሾች ብዙ ናቸውና። ሌላው ብርዱ ነው። ኮምቦልቻ ከ2,000 ሜትር በታች ናት፤ ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ። መንገዱ አጭር ቢሆንም ዶሮ መዝለያን ሲወጡ አየሩ ሌላ ነው። ሼፐርድ ሲያድግ ብርድ ይችላል፤ የስምንት ሳምንት ቡችላ ግን አይችልም። ማደሪያዋ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጣሪያው የማያፈስ፣ ወለሉ ደረቅ ድርቆሽ ወይም ብርድ ልብስ ያለው መሆን አለበት፤ በተለይ በክረምት። ሴት ስለሆነችም ስለ መጀመሪያው የስሪያ ጊዜዋ አሁኑኑ ያውሩ። ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ ግቢው በደንብ የሚዘጋ ካልሆነ ሰፈሩ ሙሉ ወንድ ውሻ ይሰበሰባል። ብዙ ሴት ውሾች ከቤት የሚባረሩት በዚያ ሳምንት ነው። ማምከን ይፈልጋሉ ወይስ ሊጠብቋት ይችላሉ? ሁለት ዓመት ሳይሞላት እንዳያስወልዷትም ቃል ይቀበሉ።

አጎትየው ከሁለቱም ይከብዳሉ። ለባዕድ እንቢ ማለት ቀላል ነው፤ ለዘመድ ግን ይሉኝታ አለ። በሕክምና ሥራዬ እጅግ ያሳዘኑኝ ውሾች በሽያጭ የሄዱ አይደሉም፤ በይሉኝታ የተሰጡ ናቸው። ለአለቃ፣ ለአበልጅ፣ ለባል ዘመድ፣ አንድም ጥያቄ ሳይጠየቅ። እኔም አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ለማከብራቸው ሰው ስድስት ሳምንት ያልሞላው ቡችላ እንዲሰጣቸው አርቢውን ለመንኩላቸው። ቡችላው ጥርሱን መቆጣጠር ሳይማር የልጅ ልጃቸውን ፊት ነክሶ አረፈ፤ ቤተሰቡም አስወገደው። ጥፋቱ የቡችላው አልነበረም። ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ቡችላ ከወንድሞቹ ጋር ሲታገል፣ ሲነክስና ሲነከስ፣ አንዱ ሲጮኽ ሌላው ሲለቅ፣ ምን ያህል መንከስ እንደሚያም ይማራል። እናቲቱም ትቆጣዋለች። ይህን ትምህርት ሰው ሊተካው አይችልም። ስምንት ሳምንት ሳይሞላ፣ ማለትም 56 ቀን፣ ከእናቱ አይለይ።

አጎትዎ «ትንሽ ሆኖ ሲመጣ ሰው ይለምዳል» ያሉት ግን ከእውነት የተነሳ ነው። ቡችላ ዓለምን በቀላሉ የሚለምደው ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ ሦስት ወር ገደማ ነው። ስለዚህ መልሱ ቶሎ መስጠት ሳይሆን እርስዎ ግቢ እያለ ማስለመድ ነው። ሴትም ወንድም፣ ሽማግሌም ልጅም ይያዙት፤ የባጃጅ ድምፅ፣ የአዛንና የደወል ድምፅ፣ የብረት ድስት ወድቆ ሲንኳኳ ይስማ። አጎትዎ ከፈለጉ በየሳምንቱ እየመጡ ያጫውቱት። ይህን ሲያቀርቡላቸው የእውነት ፈላጊ ከሆኑ ይመጣሉ። ካልመጡ መልሱን ራሳቸው ሰጡ፤ እርስዎም ከይሉኝታው ይገላገላሉ።

እንቢ ማለት ሲኖርብዎ ሰውየውን አይውቀሱት፣ አያስተምሩትም። «ለእናንተ ቤት የሚሆን ቡችላ በዚህኛው ወሊድ አላገኘሁም» ይበሉ፤ ይበቃል። «ሌላ ሰው ቀድሞ ወስዶታል» ብለው አይዋሹ፤ ከተማዋ ትንሽ ናት፤ በሳምንቱ ቡችላውን ግቢዎ ውስጥ ያየዋል።

ለተመረጠው ገዢ ግማሽ ገጽ ወረቀት ይጻፉ። የሁለታችሁም ስም፣ ቀን፣ የትል መድኃኒት የወሰደበት ቀን፣ የተከተበው ክትባት፣ ቀጣዩ ቀጠሮ፤ ከታች ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር፦ «በማናቸውም ምክንያት ማቆየት ካልቻልኩ ለሻጯ እመልሳለሁ እንጂ ለሌላ አልሰጥም፣ አልጥልም»። ሁለት ምስክር ይፈርሙበት። ይህች ዓረፍተ ነገር እርስዎን የበለጠ ታስራለች፤ በሌሊት አንኳኩቶ «አልቻልኩም» ቢልዎት ሳይቆጡ መቀበል አለብዎት። ባለፈው ጊዜ በሰንሰለት ያዩት ውሻ ይህ ወረቀት ቢኖረው ኖሮ ገብተው ሊጠይቁለት በቻሉ ነበር።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጉዳይ እዚህ ላይ ይገባል። ቡችላው ከእርስዎ ሲወጣ የስምንት ሳምንት ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚሰጠው ግን በተለምዶ በሦስተኛ ወሩ ነው፤ ከዓመት በኋላም ይደገማል። ማለትም ዋናው ክትባት በገዢው እጅ ላይ ይወድቃል። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ ሰውም ውሻም አይድንም፤ በሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። በመሆኑም ከዋጋው ጥቂቱን ይያዙና በሦስት ወሩ የክትባት ካርዱን ሲያሳይዎት ይመልሱለት። ይህን ያደረጉ አርቢዎች ዘንድ ካርዱ ሳይመጣ የቀረበት ጊዜ ጥቂት ነው። ልጅ ቢነከስ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥበው ወዲያው ወደ ጤና ተቋም እንዲሄዱም በወረቀቱ ጀርባ ይጻፉላቸው።

እርስዎም መመርመር አለብዎት። እናቲቱን ያሳዩ፤ አባቱ ከታወቀ ያሳዩ። ከሁለቱ አንዳቸው በኋላ እግራቸው ቢያነክሱ አይደብቁ፤ በዚህ ዝርያ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር በዘር ይተላለፋል። እውነቱን የነገሩት ገዢም እውነቱን ይነግርዎታል።

ሦስቱ ሴቶች ዘግይተው ሊሸጡ ይችላሉ። አንዷ በአሥረኛው ሳምንት እጅዎ ላይ ብትቀር ዋጋዋን ይቀንሱ እንጂ ጥያቄዎን አይቀንሱ።

ቡችላው በሄደ በሦስተኛው ቀን ይደውሉ። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ያለቅሳል፤ እናቲቱ የተኛችበትን ቁራጭ ጨርቅ አብረው ይስጡት፣ ከጎኑ ያድርጉለት። ሲደውሉ ለባለቤቱ ሳይሆን ስሙን ለነገሩዎት፣ ለሚያበላው ሰው ያውሩ። «ዛሬ ጠዋት ምን በላ?» ብለው ይጠይቁ። ወዲያው ከመለሰልዎት ስልኩን ዘግተው ሥራዎን ይቀጥሉ።

በዚህ ሳምንት የሚሠሩት ሥራ ግን የትል መድኃኒቱ ነው። ወስፋት ከእናት በማኅፀንና በወተት ይተላለፋል፤ ለዚህ ነው በሁለት፣ በአራት፣ በስድስትና በስምንት ሳምንት የሚሰጠው። የሁለተኛው ሳምንት ካለፈዎት አሁን በክብደታቸው ልክ ይስጧቸው፤ ለእናቲቱም አብረው ይስጧት። የፓርቮና የዲስቴምፐር (ሌላው የውሻ ቫይረስ በሽታ) ክትባት ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ይጀመራል፤ እስከ 16ኛው ሳምንትም በየሦስትና አራት ሳምንቱ ይደገማል። ከሐኪሙ ጋር አሁኑኑ ቀጠሮ ይያዙ። ለአጎትዎም ካርቶን ይዘው በር ላይ ሳይደርሱ፣ ዛሬ ማታ ይደውሉላቸው።